ሰባተኛ ቢን በትሕትና ያኳረፈው መምህር

(ድሬዳዋ፤ የአንድ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል፤ ረፋድ ላይ። ጣሪያው ላይ አንድ ቬንትሌተር፣ ከሥሩ አንድ የተከበረ ወንበር አለ፤ የቀረው ወንበር ሁሉ መጥበሻ ነው። የሥነ ዜጋ መምህሩ ሰይፈ ሚካኤል፣ ከተማው «ሰይፌ» የሚለው፣ በተከበረው ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። አዳማ ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ባጅ አላወለቀም፤ ሲተኛ ያወልቀዋል ብሎ የሚምልለትም የለም። የስፖርት መምህሩ ዒልሚ ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ ላብ መላ ሰውነቱ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ቆሟል።)

ዒልሚ፦ ተነስ አቦ። ከሜዳ ነው የመጣሁት።

ሰይፌ፦ አየህ፣ ይሄ ትእዛዝ ነው። ሰው ፍላጎቱን በትእዛዝ አይገልጽም። መጀመሪያ ስሜቱን ይሰይማል። ምን ተሰማህ?

ዒልሚ፦ ሙቀት።

ሰይፌ፦ ሙቀት ስሜት አይደለም።

ዒልሚ፦ ድሬ ተወልደህ እንዲህ ትላለህ?

ሰይፌ፦ (ከኪሱ ባለቀለም በራሪ ጽሑፍ አውጥቶ እንደ ታቦት እየዘረጋ) ስሜት ማለት ኀዘን፣ ደስታ፣ ፍርሃት፣ ቁጣ ነው። ይሄ የስሜት ቴርሞሜትር ይባላል። አረንጓዴው የተረጋጋ፣ ቢጫው የተረበሸ፣ ቀዩ ሊፈነዳ የደረሰ። ጣትህን ያለህበት ላይ አድርግ።

ዒልሚ፦ (ጣቱን ከቀዩም በላይ፣ ከወረቀቱ ውጪ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል) እዚህ ነኝ።

ሰይፌ፦ ከወረቀቱ ወጣህ እኮ።

ዒልሚ፦ ወረቀቱ አዳማ ነው የታተመው።

ሰይፌ፦ እንግዲያው ተንፍስ። በአፍንጫህ፣ በዝግታ፣ በጥልቀት ወደ ውስጥ።

ዒልሚ፦ (ይስባል፤ ያስላል) ባሰብኝ። የውጪው አየር ከውስጤ ይሞቃል።

ሰይፌ፦ ዒልሚ፣ ዛሬ ቀልድ የለም። ሱፐርቫይዘሯ አሁን ትመጣለች። ሰባተኛ ቢን አይታ ከወደደችው በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት የሚያሠለጥነው ሰው እኔ ነኝ። ካልወደደችው እዚሁ ካንተ ጋር በወንበር ስጨቃጨቅ ጡረታ እወጣለሁ።

ዒልሚ፦ ሱፐርቫይዘሯ ሃምዳ አይደለችም እንዴ? አብራን አንድ ክፍል የተማረችው፣ የኛዋ ሃምዳ?

ሰይፌ፦ ወይዘሮ ሃምዳ በላት።

ዒልሚ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ምን አድርጋህ ነው?

ሰይፌ፦ ምንም። ይልቅ እስክትመጣ እንለማመድ። አንተ እርሳሴን የወሰድክብኝ ተማሪ ነህ። እኔ እንዲህ እልሃለሁ፤ «ውድ የክፍል ጓደኛዬ፣ እርሳሴን በወሰድክ ጊዜ ኀዘን ተሰምቶኛል። እባክህ መልስልኝ።» አንተስ ምን ትለኛለህ?

ዒልሚ፦ ወላሂ አልወሰድኩም።

ሰይፌ፦ ልምምድ ነው። ወስጃለሁ በል፣ በቃ።

ዒልሚ፦ ማን አየኝ?

ሰይፌ፦ ማንም አላየህም። እርሳስ የሚባል ነገርም የለም።

ዒልሚ፦ እርሳሱ ከሌለ በምን ትከሰኛለህ? አዳማ ድረስ ሄደህ ሰው በሐሰት መወንጀል ነው የተማርከው? (ኪሶቹን ይገለብጣል፤ የኳስ መንፊያ መርፌና ሙሽበክ የሚባለው ጣፋጭ ፍርፋሪ ይወድቃል) ና ፈትሽ።

ሰይፌ፦ (አረንጓዴውን እያየ ይተነፍሳል) ተወው። ላንተ ያልገባህ ለልጆቹ ገብቷቸዋል። ሰባተኛ ቢ በአንድ ሳምንት ሌላ ክፍል ሆኗል። ቅጽል ስም የለ፣ መሳደብ የለ፣ ጩኸት የለ። ዝንብ ሲበር ይሰማል። ሰላም ማለት እሱ ነው።

ዒልሚ፦ አይቻቸዋለሁ። ደንግጬ «ማን ሞተባችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሰይፌ፦ ሲከባበሩ አይተህ አታውቅማ።

ዒልሚ፦ ሉቅማንን ታውቀው የለ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ኸባብን «ጭልፋ» ብሎ ነው የሚጠራው። ትናንት ዞር አለና «ውድ የክፍል ጓደኛዬ ኸባብ፣ እባክህ ላጲስህን ታውሰኛለህ?» አለው። ኸባብ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

ሰይፌ፦ አክብሮት ልቡን ነክቶት ነው።

ዒልሚ፦ ቤቱ ገብቶ ምሳ አልበላም። እናቱ ናሲሞ ግቢ በር ድረስ መጣች። ልጄ ምን በድሎት ነው ሉቅማን በስሙ የሚጠራው ትላለች። የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው፤ በልጅ የተነሣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቆራረጥ ፈርታለች።

ሰይፌ፦ ስለ ስልጠናው አስረዳሃት?

ዒልሚ፦ አስታርቃቸዋለሁ አልኳት።

ሰይፌ፦ አልተጣሉም እኮ።

ዒልሚ፦ እነሱም እንደዚያ ነው የሚሉት። በጣም ተቀያይመዋል።

ሰይፌ፦ (ጣቱ ሳያውቀው ቢጫው ላይ ይደርሳል) ምን አደረግክ?

ዒልሚ፦ ዛሬ ጠዋት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩ። ሉቅማንን በድሮ ስሙ ጥራው አልኩት። አፈረ። ለመንኩት፣ ጓደኞቹም ለመኑት። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ «ጭልፋ» አለው። ኸባብ ቀና አለና «ምን ትላለህ አንተ የባጃጅ ጆሮ» አለው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ሌላውም ተነሣ፤ ሁሉም የየራሱን ሰው እየፈለገ ሰደበ። ይኸው እስካሁን አላባሩም። ሰላም ወርዷል።

(ከሜዳው የልጆች ጫጫታና ሣቅ ይገባል፤ ከመሃሉ «ጭልፋ፣ አቀብል» የሚለው ይለያል። ሰይፌ ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ ይጠቀምበታል፤ ከታተመ ወዲህ የመጀመሪያ ጥቅሙ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ሃምዳ ሻርፗን እያራገበች ትገባለች።)

ሃምዳ፦ እናንተ ሁለት ገመሬዎች፣ ገና አልሞታችሁም?

ዒልሚ፦ ቀብረሽን ነው የምትሄጂው አንቺ። እንዴት ወፍረሻል አቦ፣ በሩ በምን አሳለፈሽ?

ሃምዳ፦ (ደስ ብሏት) በጎን ገባሁ።

ሰይፌ፦ (ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ባጁን አቃንቶ፣ እጅ ነሥቶ) እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ሃምዳ። ጊዜዎን ሠውተው ስለተገኙልን ከልብ አመሰግናለሁ።

(ሃምዳ ማን ተከትሏት እንደገባ ለማየት ወደ ኋላዋ ትዞራለች። ማንም የለም።)

ሃምዳ፦ ሰይፌ፣ ማንን ነው?

ሰይፌ፦ እርስዎን ነው።

ሃምዳ፦ (ፊቷ ይለወጣል፤ ለዒልሚ በሹክሹክታ) ምን አድርጌው ነው?

ዒልሚ፦ እኔም ጠይቄው ነበር። «ምንም» ነው ያለኝ።

ሃምዳ፦ «ምንም» ካለማ ከባድ ነው። የእኅቱ ሠርግ ላይ ቶሎ ስለወጣሁ ይሆን? ልጄን አሞብኝ እኮ ነው።

ሰይፌ፦ ወይዘሮ ሃምዳ፣ በእርስዎ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

ሃምዳ፦ ሠርጉ ነው።

ሰይፌ፦ እንዲያውም ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እጅግ ከፍ ያለ ነው።

ሃምዳ፦ (ግድግዳ ትደገፋለች) ያ ረቢ። ይሄን ያህል?

ሰይፌ፦ እባክዎ ወደ ሰባተኛ ቢ እንሂድና ተማሪዎቼን ይመልከቱልኝ።

ሃምዳ፦ ስመጣ ሜዳ ላይ አይቻቸዋለሁ። ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ፤ አንዱ ሲወድቅ የሰደበው ራሱ ሮጦ ያነሣዋል። ስዞር እንደነሱ የሚዋደድ ክፍል አላየሁም። ማነው ያሠለጠናቸው?

ሰይፌ፦ (ባጁን ከፍ አድርጎ) እኔ ነኝ።

ዒልሚ፦ እውነቱን ነው። እሱ አኳረፋቸው፣ እኔ አስታረቅኳቸው።

ሃምዳ፦ የክፍሉ ነገር ይቆየን፣ ይሄ ሰው መጀመሪያ ይታረቀኝ። እንዲህ ተቀያይመን ውሳኔ ብሰጥ ከተማው በቂም ነው ይለኛል። ዒልሚ፣ ልጆቹን እንዳስታረቅክ እኛንም አስታርቀን።

ዒልሚ፦ እሺ። አስታራቂ መሃል ይቀመጣል። (በተከበረው ወንበር ላይ፣ በቬንትሌተሩ ሥር፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ ሸሚዙ እንደ ሸራ ይነፋል) ተበዳይ፣ በዚህ በኩል ቁም። በደልህን ተናገር።

ሰይፌ፦ ውድ የሥራ ባልደረባዬ ዒልሚ፣ ወንበሬ ላይ በተቀመጥክ ጊዜ ቅር የመሰኘት ስሜት ተሰምቶኛል።

ዒልሚ፦ ቅር ብሎታል። አመነ።

ሃምዳ፦ ተመስገን፣ ጀመረው።

ሰይፌ፦ ወይዘሮ ሃምዳ፣ ቅር ያሰኙኝ እርስዎ አይደሉም።

ሃምዳ፦ መለሰው ደግሞ። እርስዎ አለኝ።

ሰይፌ፦ ተረጋግቻለሁ። አረንጓዴ ነኝ። በጥልቀት እየተነፈስኩ ነው።

ዒልሚ፦ ቀስ ብለህ፣ ቀዝቃዛውን አየር ጨረስክብኝ።

ሰይፌ፦ (ወረቀቱን ወርውሮ) ተነስ ከወንበሬ አንተ የተነፈሰ ኳስ! ሳምንት ሙሉ የገነባሁትን በአንድ ፊሽካ ታፈርሳለህ? አንቺም አንቺ ገመሬ፣ ሙሽራዋ ሳትነሣ መውጣትሽ ሳያንስ የሠርጉን ጣፋጭ ሐላዋ ከነሳህኑ በሻርፕሽ ጠቅልለሽ ሄድሽ፤ እናቴ እስካሁን ሳህኑን ትፈልጋለች። አሁን መጥተሽ ደግሞ ምን አደረግኩት ትያለሽ?

(ሃምዳ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች።)

ሃምዳ፦ አልሐምዱሊላህ። ታረቀኝ።

ዒልሚ፦ አንቺ አላት። ስሰማ ፀጉሬ ቆመ።

ሃምዳ፦ ሐላዋው ሆዴን ሲበላኝ ነው የከረመው፣ አንተ ግን እንደ ሰው ብትሰድበኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ ሳህኑን እመልስ ነበር። በል፣ ውሳኔዬን ልናገር። በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የሚያሠለጥነው ዒልሚ ነው።

ዒልሚ፦ እኔ? ምን ብዬ? ያን ወረቀት አንብቤ አልጨርሰውም።

ሃምዳ፦ አሁን እንዳደረግከው ነው የምታደርገው። የሚያስፈልግህ ለማሳያ የሚሆን የተኳረፈ ሰው ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚያኮርፍ፣ በየትምህርት ቤቱ የሚታረቅ።

(ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ሰይፌ ይዞራሉ። ሰይፌ ባጁን ከአንገቱ ያወልቃል፤ ከሥሩ አንገቱ ላይ የገመዱ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።)

ሃምዳ፦ ለሱም «አኩራፊ» የሚል ባጅ እናሠራለታለን። (ትወጣለች።)

ሰይፌ፦ (ላቡ እየወረደ) ይሁን። ቢያንስ ከወንበሬ ተነስልኝ።

ዒልሚ፦ (ዓይኑን ሳይገልጥ) አየህ፣ ይሄ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ምን ተሰማህ?

ሰይፌ፦ ሙቀት።

ዒልሚ፦ ሙቀት ስሜት አይደለም፣ ውድ የሥራ ባልደረባዬ።

ሰይፌ፦ (ደንግጦ፣ ወንበሩንም ሙቀቱንም ረስቶ) ዒልሚ፣ ምን አድርጌህ ነው?