ለሽምግልና ሄጄ ቆርቆሮ ላቅርብ ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ «ጋሽ በላቸው ደግሞ ወሬ ሲያሳምሩ!» ትሉኛላችሁ። ራጉኤልን! አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ንድድ ብያለሁ። ከንዴቴ ብዛት ምሳም አልበላሁ።

በማን እንደተናደድኩ ግን እኔም በደንብ አላውቅም። ጽፌ ስጨርስ ሳይገባኝ አይቀርም። የምጽፈው በአንድ ጣት ነው፣ ፊደል ብስት አትሳቁብኝ። ዛሬ የተሳቀብኝ ይበቃኛል!

አዲስ ለመጣችሁ፦ እኔ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ምድጃ ሠሪ ነኝ። አሮጌ በርሜልና አሮጌ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ የከሰል ምድጃ አወጣለሁ። አንዳንዴ ፎቶውን እዚህ እለጥፋለሁ፣ እናንተ ላይክ ታደርጋላችሁ፣ የሚገዛኝ የለም። ይሁን።

ዛሬ የምድጃ ወሬ አይደለም።

ሳሚ የሚባል የእህቴ ልጅ አለ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ቤዛ የምትባል ልጅ ወደደ። መውደድስ ይውደድ! ግን ከሳ፣ እህል አስጠላው፣ ስልኩን አቅፎ መተኛት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ» አለኝ።

«መላክ ምን ያደርጋል? ራሴው እሄዳለሁ!»

ደንቡ አሳዳጊ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ አይሄድም ነው። መምሬም ነግረውኛል፤ የራጉኤሉ መምሬ፣ የንስሐ አባቴ። «በላቸው፣ አንተ ቤትህ ቆይ፣ አፍህ ቸኩሎ ነገር ያበላሻል» ብለውኛል።

እኔ ደግሞ «ቆይ» ሲሉኝ የምቆይ ሰው ነኝ?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሆነን ወጣን። መምሬ፣ እኔ፣ ሦስተኛው ጓደኛዬ ከድር። ከድር ዱባይ ተራ ጨርቅ ይሸጣል። ከወጣትነታችን ጀምሮ አብረን ነን። ለሠርግም ለለቅሶም የማንለያይ ሰዎች ነን። (ከዛሬ በኋላ እንጃ!)

የልጅቷ ቤተሰቦች የሚኖሩት እንጦጦ ጋራ ወገብ ላይ ነው። ሳሚ «ቤታቸው ለየት ያለ ነው፣ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል» ብሎኛል። እኔም ፎቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ባለመስታወት፣ ባለአንበሳ ሐውልት። ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስጠረግኩ!

ከታክሲ ወርደን በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በሩ ጋ ደረስን።

ፎቅ የለም።

ጭቃ ቤት ነው!

ቀልድ አይደለም። ግድግዳው ጭቃ፣ ቀለም የለው፣ ሲሚንቶ የለው። የበሩ ጣሪያ ላይ ሣር በቅሏል። ግድግዳው መሀል የቢራ ጠርሙስ ተሰክቷል። እኛ ተራ ቆራሌው በማዳበሪያ ተሸክሞ የሚያመጣው ጠርሙስ! ጥግ ላይ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል ቆሟል።



«አይ ሳሚ» አልኩ በሆዴ፣ «የልጅቷን ድህነት አፍሮ ደብቆኝ ነው!» ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። የመርካቶ ሰው የጠርሙስ ግድግዳ ሲያይ ምን ይበል?

እስኪከፈትልን ዝም ብዬ መቆም አልሆነልኝም። እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ያ የበሩ ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው፣ እጅ ይደርሰዋል። «እነዚህ ምስኪኖች አረም የሚነቅልላቸው እንኳ አጥተዋል» ብዬ ሣሩን እየነቀልኩ ጣልኩላቸው። ከነሥሩ!

ከድር «ተው አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቤት ነው» አለ።

«ዝም በል፣ ጽድቅ ነው» አልኩት።

ተከፈተ። አባትየው አቶ ዳዊት ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂሩት ናቸው። በአክብሮት አስገቡን። «ተቀመጡ» ሲሉን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን እንደ ወጉ ቆምን።

መምሬ ተናገሩ። እንዴት ያለ ንግግር መሰላችሁ! «ልጃችሁን ለልጃችን፣ እኛንም ለዘመድነት ብላችሁ» ሲሉ እኔ ራሴ እንባዬ መጣ።

አቶ ዳዊት ሰሙ። ፈገግ አሉ። «ልጁን አይተነዋል፣ ጨዋ ልጅ ነው። እኛም ዘመድ እንመክራለን፣ ልጅቷንም እንጠይቃለን፣ ቀን እንቀጥርላችኋለን። አሁን ተቀመጡ» አሉ።

ተሳካ ማለት ነው! በዚያችው ደቂቃ ሻይ ጠጥተን ብንወጣ ኖሮ እኔ አሁን ይህን አልጽፍም ነበር።

ግን ብርድ ነው። ዕድሜም ነው። ሽንቴ መጣ።

ሽንት ቤት አሳዩኝ። ገባሁ።

ውሃ የለም! የውሃ ቧንቧ የለም፣ የሚሳብ ገመድ የለም። መቀመጫ አለ፣ አጠገቡ አንድ ባልዲ ሙሉ ሰጋቱራ አለ፣ ከላዩ ጭልፋ። እንጨት ቤት የሚጠረገው ሰጋቱራ! «ከተጠቀሙ በኋላ አንድ ጭልፋ ይጨምሩ» የሚል ተጽፏል።

እኔ እንግዲህ ራጉኤል ጓሮ የምኖር ሰው ነኝ። ሽንት ቤታችን የጋራ ነው፣ ሰልፍ አለው፣ ሽታም አለው። ግን ሰጋቱራ ላይ አልደረስንም!

ጨመርኩ። አንድ ጭልፋ አነሰ መስሎኝ ደገምኩ። ከዚያ ወጥቼ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ወደ ሳሎን ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ነው አፌ የቸኮለው።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «አቶ ዳዊት፣ እኛ ከእንግዲህ ዘመድ ነን፣ በዘመድ መሀል ማፈር የለም» አልኩ። መምሬ ቀና ብለው አዩኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ልጅቷን ከዚህ ቤት አትድሯትም። ክረምት ሳይገባ እኛ እናድሰዋለን። ቆርቆሮ እኔ አለኝ፣ ብዙም አልዛገም። ሲሚንቶውን ከድር ይችላል። እናንተ ብቻ ልጅቷን እሺ በሉን!»



 ከድርን ሻዩ ትን አለው።

ወይዘሮ ሂሩት ቀድመው ተናገሩ። «ጋሼ፣ በሩ ላይ ያለውን ተክል የነቀሉትም እርስዎ ነዎት?»

«አረሙን ነው፣ ምንም አይደለም፣ ምስጋና አያስፈልግም» አልኩ።

«ያለፈውን ክረምት ሙሉ ያለማሁት ነው!» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ያኔ አቶ ዳዊት ማስረዳት ጀመሩ። በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ! ቤቱን ሆን ብለው ነው የሠሩት። ወፍራሙ ጭቃ ሙቀት ይይዛል፣ ጋራው ላይ ማገዶ አይፈጅም። የጣሪያው ተክል ዝናቡንም ፀሐዩንም ይመክታል። ጠርሙሱ ብርሃን ያስገባል። ሰጋቱራው ውሃ ይቆጥባል፣ ኋላ ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል። ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ፈረንጅ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሣል። የወጣበት ገንዘብ በሲሚንቶ ከሚሠራ ቪላ አያንስም።

ሆን ብለው!

ደሜ ፈላ። እውነቴን ነው፣ እዚያው ይቅርታ ብዬ ብቀመጥ ያልፍ ነበር። እኔ ግን «አሃ!» አልኩ። «እኔ ቤት ጭቃ ሲሆን ይፍረስ ይባላል። ገጽታ ያበላሻል ይባላል። እናንተ ቤት ጭቃ ሲሆን ይጎብኝ! ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

ልክ አይደለሁም እንዴ? እስቲ ንገሩኝ! ዕድሜ ልኬን ከሰው ጥራጊ ዕቃ ስሠራ «ቆሻሻ ለቃሚ» ስባል ኖሬያለሁ። አሁን ሪሳይክል ሆነ!

አቶ ዳዊት አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ፍርዱስ እውነትዎን ነው» አሉ። «እሱን አልክድም። እኔን ያስከፋኝ ሌላ ነው። እሺ፣ ድሆች ብንሆንስ? ልጃችንን በቆርቆሮ ልትወስዷት ነበር?»



እኔ! አፌ! ተያዘ!

ምን እላለሁ? አንድ ሰው ራጉኤል ጓሮ ቤቴ መጥቶ፣ ግድግዳዬን አይቶ «ልጅህን ስጠኝና ላድስልህ» ቢለኝ በመዶሻ ነበር የማባርረው። በርሜል በምቀጠቅጥበት በትልቁ መዶሻ!

መምሬ ተነሡ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ መረቁ፣ ወጣን። ቀን አልተቀጠረልንም።

ዳገቱን ስንወርድ ከድር ለሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ይጮኻል። «ወላሂ በላቸው፣ እኔ ሲሚንቶ ከየት ነው የማመጣው? ጨርቅ ነጋዴ ነኝ! ቤቱን መጋረጃ ላልብሰው?»

«በመልካም አስቤ ነው!»

«አንተ በመልካም ስታስብ አትናገር። ጻፈው። ከዚያ ቅደደው!»

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ቀድመውን ወረዱ። 

ምን አለሽ ተራ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። በስልክ ነዋ! ጎረቤቴ በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «ጋሼ፣ እኔም ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ግን የምድራት ልጅ የለችኝም፣ በነጻ አይሆንም?» አለኝ። ተራው በሙሉ ሳቀ። መዶሻ ሁሉ ቆመ! ያ ተራ መዶሻ ሲያቆም አይቼ አላውቅም።

ሳሚ ሱቄ ውስጥ አሮጌ ጣሳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ቤዛ ደውላ ነግራዋለች።

«ሳሚዬ...» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። «ጋሼ፣ ለየት ያለ ቤት ነው ብዬዎት ነበር እኮ» አለ።

«ለየት ያለ ማለት ፎቅ ነዋ!»

አልሳቀም። ይሄ ልጅ እኔ ስናገር ሳይስቅ ቀርቶ አያውቅም። ጉልበቱ ላይ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። እናቱ የሞተች ቀንም እንዲሁ ነበር የተቀመጠው። አሁን ይህን ስጽፍ ንዴቴ በማን እንደሆነ ገባኝ፤ በራሴ ነው።

በኋላ ከድር መጣ። ተኳርፈን ነበር፣ ግን መጣ። አቶ ዳዊት ደውለውለታል። «ልጁን አንጠላውም፣ እሁድ ኑ» ብለዋል። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለ። «ያ ሰውዬ ግን ቢቀር ጥሩ ነው ብለዋል።»

ያ ሰውዬ! አሳዳጊው! እኔ!

«አልቀርም!» አልኩ። ጮኽኩ። «ያሳደግኩት እኔ፣ ትምህርት ቤት ያደረስኩት እኔ፣ እሁድ ቤት ተዘግቶብኝ ልቀመጥ?»

ሳሚ ያኔ ተነሣ። እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሂዱ» አለኝ። «ከእሁድ በፊት ብቻዎን ይሂዱ። ቤዛ ‹አባቴን አውቀዋለሁ፣ ይቅርታ ከሰማ ይረሳዋል› ብላለች። ግን ምንም ይዘው እንዳይመጡ አደራ ብላለች። ምንም።»

«ተክል ገዝቼላቸው ብሄድስ? እናትየው የነቀልኩባቸውን?»

«ምንም ጋሼ።»

«አንዲት ምድጃ? ትንሽዬ? ማገዶ ቆጣቢ ናት...»

«ጋሼ!»

እሺ። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ዳገቱን ብቻዬን እወጣለሁ።

እስኪ እናንተ የተማራችሁ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ ባዶ እጁን ሰው በር ላይ የሚቆም ሰው እጁን የት ያደርገዋል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሞክሬው አላውቅም።