ጌታውን የሚፈራ ኮምፒውተር

[የካቲት ነው፤ ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት ተኩል። ከመስኮቱ ማዶ የፊንላንድ ሐይቅ በረዶውን ተከናንቦ ተኝቷል። ጡረታ የወጣው የወተት መኪና ሾፌር ኦይቫ ከአሮጌ ኮምፒውተሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከኋላው የሚስቱ ወንድም ታውኖ ቆሟል፤ ሠላሳ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ፣ ያልጠገነውንም እንደጠገነው የሚያወራ። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሊጠግን ሲመጣ «ሳውናው ይሙቅልኝ» ብሎ ነበር፤ ለዘመድ ሥራ መቼም ዋጋው ሳውናና ቋሊማ ነው። አሁንም የሳውናውን ሙቀት አይቶ መመለሱ ነው። ስክሪኑ ጨልሟል።]

ታውኖ፦ ነክተኸዋል!

ኦይቫ፦ አልነካሁትም።

ታውኖ፦ ታዲያ በምን ነው የምትጽፈው? በአፍንጫህ?

ኦይቫ፦ ፊደሎቹን ነካሁ እንጂ እሱን አልነካሁትም።

ታውኖ፦ ፊደሎቹ የማን ናቸው? የጎረቤት ናቸው? ሰውየውን አልነካሁትም፣ ጣቱን ብቻ ነው የነካሁት እንደማለት እኮ ነው!

ኦይቫ፦ ቀስ ብዬ ነው የነካሁት። ብቻ ድርግም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ያደርገዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ረቡዕ።

ታውኖ፦ [እየሳቀ] ቅዳሜ! ስማ ወንድሜ፣ ኮምፒውተር ሰንበት አያከብርም። ዞር በል።

[ታውኖ ክዳኑን ፈታ። ጎንበስ ብሎ እፍ አለበት፤ አቧራው ተነስቶ ቅንድቡ ላይ አረፈ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሐኪም መቶ ድረስ ቆጠረ። መቶ ሲል ቁልፉን ተጫነ፤ ማሽኑ ጉርር ብሎ ተነሳ። ታውኖ ደረቱ በአንድ ጣት ሰፋ።]

ታውኖ፦ አየህ? ትንፋሼን አወቀው።

ኦይቫ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ታውኖ። ግን ግጥሙ የለም። እንደገና ልጻፈው ማለት ነው።

ታውኖ፦ ሴቭ አላደረግከውም?

ኦይቫ፦ አንተ እኮ ነህ አታድርግ ያልከኝ። «ያልበሰለ ዳቦ ከምድጃ አይወጣም፤ ሲያልቅ አንዴ ሴቭ ይደረጋል፣ አለዚያ ሚሞሪው ይደክማል» አልከኝ።

ታውኖ፦ ልክ ነኝ። በል ጻፍ። ምን ቸኮልክ?

ኦይቫ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋላ! የመንደሩ ዳንስ አዳራሽ ለታንጎ የሚሆን ግጥም ተቀብሎ የሚያበቃው ዛሬ ነው። ያሸነፈው ዜማ ተሠርቶለት በበጋው በዓል በአኮርዲዮን ይዘፈናል። አርባ ዓመት ሙሉ እህትህ ሂልካ፣ «ወተት ስትጭን ግጥም፣ ወተት ስታራግፍ ግጥም፤ አንድ ሰው እንኳ ሲዘፍንልህ ሳልሰማ ልሞት ነው» ትለኛለች። ለእሷ ነው የጻፍኩት። የጀልባ ማቆሚያው ላይ ስጠብቃት የነበረውን ጊዜ።

ታውኖ፦ እህቴን በግጥም ከምታሰለቻት ጣሪያውን ብትጠግንላት ይሻል ነበር። በል እስቲ ጻፍ፣ ልየው።

[ኦይቫ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ዘፈን እያንጎራጎረ መታው፦

በረዶው ሲሟሟ ሐይቁ ሲተነፍስ፣
ዳር ላይ እቆማለሁ ጀልባሽ እስኪደርስ፤
ባትመጪም አልሄድም፣ ወደቡ ነው ቤቴ፣
አንቺን መጠበቅ ነው ዕድሜዬና ሀብቴ።]

ታውኖ፦ አቁም አቁም! ሐይቅ ሳንባ አለው እንዴ?

ኦይቫ፦ የለውም።

ታውኖ፦ ታዲያ በምኑ ይተነፍሳል? ዳኞቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ይስቁብሃል። ወዲህ በል። [እየጻፈ] «በረዶው ሲሟሟ ሙቀት አራት ሲደርስ።» አየህ? ቤቱን ሳይለቅ በዲግሪ ተለካ።

ኦይቫ፦ [ዝግ ብሎ] ሙቀት አራት...

ታውኖ፦ እስክትለምደው ነው። እኔ እስከዚያ የሳውናውን ድንጋዮች ልያቸው። ነግሬሃለሁ፣ እንዳትነካው!

[ታውኖ የሳውናውን በር ከፈተ። የኮሪደሩ ቅዝቃዜ ቀድሞት ገባ። በጭልፋ ውኃ ቀድቶ የጋሉት ድንጋዮች ላይ ቸለሰ፤ ሽሽሽ ብለው አቃሰቱ፤ እንፋሎቱም የረሳውን ሰው ድንገት እንዳገኘ ወዳጅ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። የኤሌክትሪክ ምድጃው ከግድግዳው በኩል ቀጭ አለ። ታውኖ ግን ያን ጊዜ ስለ ራሱ እያሰበ ነበር፤ እንዲህ ያለ እውቀት በአንድ ጭንቅላት መከማቸቱ ለጭንቅላቱም አይከብድም ወይ እያለ። ሲመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው።]

ታውኖ፦ ነካኸው!

ኦይቫ፦ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይኸው፣ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ታውኖ፦ ኧረ? [ጣቱን ግንባሩ ላይ ተክሎ] ቆይ ቆይ። እኔ አጠገቡ ስቆም ጠፍቶ ያውቃል?

ኦይቫ፦ አያውቅም።

ታውኖ፦ ስሄድስ?

ኦይቫ፦ ይጠፋል። አንተ ወደ ሳውና ስትሄድ ድርግም ነው።

ታውኖ፦ ተገኘ! ይፈራኛል! ፈረስም እንዲሁ ነው፤ ጌታው ሲርቅ ያምጻል። ማሽን ሠላሳ ዓመት በእጁ ያለፈበትን ሰው ከሩቅ ያውቃል። አንተ ለስላሳ ነህ ኦይቫ፣ ንቆሃል።

ኦይቫ፦ ይሆናል።

[ኦይቫ በመስኮቱ ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በእጁ ዳሰሰ፤ ቅዝቅዝ ብሏል። ከማሞቂያው ሥር ወጥቶ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ሶኬት ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ታውኖ እፍ እያለና እየቆጠረ ስለነበረ አላስተዋለውም። መቶ ሲል ማሽኑ ተነሳ፤ ኦይቫም አራቱን ስንኝ እንደገና መታ።]

ታውኖ፦ እንዲያውም አሁን ሁለተኛው መስመር ታየኝ። ይህ ሰውዬ ለምን ነፋስ ላይ ይቆማል? የሳንባ ምች ሊይዘው ነው? ጀልባዋ የራሷ ሰዓት አላት። «ጀልባዋ በሦስት ተኩል ሳትዘገይ ስትደርስ»፤ በቃ፣ ሰውየው በሦስት ሃያ አምስት ከቤቱ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ባትመጪም ደውዪ፣ ስልክ አለ ቤቴ።»

ኦይቫ፦ ያኔ እኮ ስልክ አልነበረኝም።

ታውኖ፦ አሁን አለህ! ግጥም ከዘመኑ ጋር ነው የሚሄደው።

ኦይቫ፦ [በለሰለሰ ድምፅ] ጋሼ ታውኖ፣ እኔ የሳውና ሙቀት መለየት አልችልበትም። በስሎ ይሆን እንዴ? እስቲ አንተ እየው፤ የእጅህን ያህል የሚያውቅ ቴርሞሜትር የለም።

ታውኖ፦ እሱስ እውነትህን ነው።

[ሄደ። በሩን ከፈተ፣ ቸለሰ፣ ሽሽሽ፣ ቀጭ። ተመለሰ። ጨለማ ነው።]

ታውኖ፦ ወይ ፍርሃት! ይሄን ያህል?

ኦይቫ፦ ገና በሩ ጋ ስትደርስ ነው ነፍሱ የወጣች።

[እፍታ፣ ቆጠራ፣ ጉርር። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሃያ ሆኗል። ኦይቫ አራቱን ስንኝ ሲመታ፣ ታውኖ የበፊቶቹን እርማቶች እያስታወሰ መለሳቸው፤ አዲስም ጨመረበት።]

ታውኖ፦ መጨረሻው ደካማ ነው። መጠበቅ እንዴት ሀብት ይሆናል? ባንክ ሄደህ «ሴት እጠብቃለሁ» ብትል ብድር ይሰጡሃል? ሴት ልጅ የሚጨበጥ ነገር ነው የምትወደው። «ሃያ ሄክታር ጫካ አለኝ ከነቤቴ።»

ኦይቫ፦ ጫካ የለኝም እኮ።

ታውኖ፦ ግጥም አይደል? ትንሽ ማጋነን ይፈቀዳል! በል እንግዲህ አልቋል፤ አሁን ሴቭ...

ኦይቫ፦ [ቶሎ ብሎ] አሁን ነው እውነተኛው ሳውና! ዛሬ ለፍተሃል፤ ልብስህን አውልቀህ በደንብ ገብተህ ውጣ። ሴቭ ማድረጉንና መላኩን አንተ ስትመለስ አጠገቤ ቆመህ እናደርገዋለን። አንተ ከሌለህ ማን ይገዛዋል?

ታውኖ፦ ደህና አሰብክ። ቋሊማውንም ይዤ ልግባ፣ ድንጋዩ ላይ ይብሰል።

[ታውኖ ከላይኛው መደብ ላይ ወጥቶ ተንጋለለ። ቸለሰ። ላቡ እንደ በልግ ጅረት ጀርባውን ይወርድ ጀመር። የልጅነት ታንጎ ትዝ አለውና አንጎራጎረ፤ ሃያ ሄክታር ጫካ የሚለውን ስንኝ ዘፋኙ ሲያዜመው፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ፣ ሰው ሁሉ «ይቺማ የኦይቫ አይደለችም» ሲባባል በዓይነ ሕሊናው አየ። ዓይኑም ረጠበ፤ ላብ ይሁን እንባ ለራሱም አልለየለትም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ፎጣ አገልድሞ ወጣ። ኮምፒውተሩ ቦታው ላይ የለም። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ካለው ሶኬት ተሰክቶ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ስክሪኑ እንደ ጨረቃ ያበራል።]

ታውኖ፦ አልጠፋም?

ኦይቫ፦ አልጠፋም።

ታውኖ፦ ሳልኖር?

ኦይቫ፦ ሳትኖር። ግጥሙም ተላከ። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብለው መለሱልኝ።

ታውኖ፦ ታዲያ ምን ነክቶት ነው ሲጠፋ የዋለው?

ኦይቫ፦ የሳውናው ምድጃ ኃይለኛ ነው፤ ቤቱ እሱንና ማሞቂያውን አንድ ላይ አይሸከምም። ስለዚህ ምድጃው ሲነሳ ማሞቂያው እንዲተኛ ተደርጎ ነው የተዘረጋው፤ ያንተም ቤት እንዲሁ ነው። በር ከፍተህ ቅዝቃዜ ባስገባህ ቁጥር ምድጃው ይነሳል፣ ማሞቂያው ይተኛል። አንተ መቶ እስክትቆጥር ምድጃው ሞቆ ያርፋል፣ መስመሩም ይመለሳል። ኮምፒውተሩ የተሰካው ደግሞ ከማሞቂያው መስመር በተቀጠለ ሶኬት ላይ ነበር።

ታውኖ፦ [ፎጣው ሊወድቅ ሲል ያዘው] ከማሞቂያ መስመር ሶኬት? የት ያለ ደንቆሮ ነው እንዲህ ያለ ሥራ የሠራው? በሕግ መጠየቅ አለበት! ስሙን ንገረኝ፣ ሄጄ አናግረዋለሁ!

ኦይቫ፦ ሩቅ አትሄድም። ባለፈው መከር፣ «ለዚህች ለዚህች ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይጠራም» ብለህ አንተው ነህ የቀጠልከው።

[ከፎጣው ጫፍ ላብ ጠብ ጠብ ይላል።]

ታውኖ፦ መቼ ነው የገባህ?

ኦይቫ፦ ማሞቂያውን ስዳስሰው። ሁለተኛው ላይ።

ታውኖ፦ ሁለተኛው ላይ! ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ራስህ ነህ ሂድ ሂድ ያልከኝ! እፍ እያልኩ ሳንባዬ እስኪወልቅ! መቶ እየቆጠርኩ! ምነው አትነግረኝም? ግጥምህ በጠፋ ቁጥር አላሳዘነህም?

ኦይቫ፦ የእኔ ግጥም አይጠፋም፤ አርባ ዓመት በቃሌ አለ። ያንተ እርማት ነው የሚጠፋው። ቁልፍ ተጭኜ ብሰርዘው ትቀየመኛለህ፤ ሳውናው ሲሰርዘው ግን «ደህና ላብ ወጣኝ» እያልክ ትመጣለህ።