እሁድ ጠዋት ከአባቴ ተደብቄ

እኛ አገር አንድ ያለው ሰው ሰላም የለውም። አንድ ልጅ ከወለድክ «ሁለተኛውስ?» ይሉሃል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከሠራህ አላፊ አግዳሚው ከጣሪያው በላይ ቀና ብሎ የቀረውን ብረት እያየ «ሁለተኛውን መቼ ትቀጥላለህ?» ይላል። ዲግሪም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያውን ይዘህ በጋዋን ፎቶ በተነሳህበት ዕለት፣ የድግሱ ወጥ ገና ከድስቱ ሳይወጣ፣ አንድ አጎት ጉርሻውን እያላመጠ «ማስተርሱስ?» ብሎ ይጀምርሃል። እንደ እኔ የኮምፒውተር ሰው ከሆንክ ደግሞ መከራህ እጥፍ ነው። ለሌላው ሰው መንገዱ ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ለእኛ ወደ ጎንም ይሄዳል። ወደ ላይ ዲግሪ፣ ወደ ጎን ሰርተፊኬት። መሀል ላይ አንተ።

የምነግራችሁ ነገር የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ አልናገርም፤ ዕድሜዬን ትቆጥሩብኛላችሁ። ብቻ ሲም ካርድ ለማግኘት አማላጅ ይላክ በነበረበት፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተንጫጫ ይገባ በነበረበት፣ የግል ኮሌጆች እንደ አሸን በፈሉበት ዘመን ነው። ሲኒማ ራስ አጠገብ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ «የአይቲ ባለሙያ» ይለኛል። ሥራዬ ግን ከፕሪንተር የተጣበቀ ወረቀት መጎተትና «ለመሆኑ ሶኬቱ ተሰክቷል?» ብሎ መጠየቅ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አልተሰካም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ቅርንጫፎቹን ሁሉ በኔትወርክ ሊያገናኝ እንዳሰበ፣ ክፍሉን የሚመራም ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ።

«አንተን ብሾም ደስ ይለኝ ነበር ከድር» አለኝ። «ባለቤቶቹ ግን ወረቀት ካላየን ይላሉ። ወይ ሁለተኛ ዲግሪ ጀምር፣ ወይ የታወቀ የኔትወርክ ሰርተፊኬት አምጣ። እስከ ሐምሌ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ ከውጭ እቀጥራለሁ።»

ይህን ይዤ ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። አባቴ፣ መርካቶ ጋሽ ሰይድ የሚለው፣ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ በብርድ ልብስ ንግድ ሽበት ያበቀለ ሰው ነው። ነገሩን ሳላስጨርሰው «ማስተርስ» አለ።

«አባዬ፣ ሰርተፊኬቱ እኮ በጥቂት ወራት ያልቃል። የምሠራውን ሥራ ራሱን ነው የሚያስተምሩት።»

«ወረቀቱስ ስንት ዓመት ይቆያል?»

«ሦስት ዓመት። ከዚያ እንደገና ትፈተናለህ።»

አባቴ የሚያጥፈውን ብርድ ልብስ ቁጭ አደረገው። «ጊዜው የሚያልፍበት ወረቀት? ወተት ነው እንዴ?»

የሱቁ ተራ በሙሉ ሳቀ። ሳቅ ደግሞ መርካቶ ውስጥ ደንበኛ እንደመጥራት ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ፊት ለፊት ያሉት ጋሽ ደሊል፣ የአንሶላ ጅምላ ሻጭ፣ ጉዳዩን ካዳመጡ በኋላ ፍርድ ሰጡ። «ማስተርስ ማለት ጅምላ ነው፤ ሰርተፊኬት ማለት ችርቻሮ ነው። ጅምላውን የያዘ ሰው ችርቻሮው ከውስጡ ይወጣለታል።» ከጎናቸው ያለው ነጋዴ ደግሞ «ኧረ ወላሂ ጅምላ ይዞ ጦሙን ያደረ ሞልቷል! በየቀኑ የሚያበላው ችርቻሮ ነው» ብሎ ተነሳ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ እንደ ዕቃ ስገዛና ስሸጥ ዋልኩ። ከተከራካሪዎቹ መካከል ኮምፒውተርን ከካርቶኑ አልፎ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እኔን የጠየቀኝም የለም። ነገሩ የእኔ መሆኑ ተረስቷል።

ብጠየቅ ኖሮ መልሱ ነበረኝ። እኔ የምወደው ገመዱን ነው። ሁለት ዱዳ ማሽኖችን አገናኝተህ፣ አንዱ ሌላውን «አለህ?» ሲለው፣ ሌላውም «አለሁ» ብሎ ሲመልስ የማየውን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ማስተርስ ውስጥ ይህ አይኖርም ማለቴ አይደለም፤ ሰርተፊኬቱ ጋ ግን ገመዱን በእጄ እንደሚያስይዙኝ አውቅ ነበር።

እናም ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ማሠልጠኛ፣ የእሁድ ጠዋቱን የኔትወርክ ሥልጠና ተመዘገብኩ። ለአባቴ «ተመዘገብኩ፤ ትምህርቱ እሁድ እሁድ ነው» አልኩት። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የጎደለ ነገር እንጂ። አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። በማግስቱ ተራው በሙሉ «ከድር ማስተርስ ገባ» እያለ እንኳን ደስ አለህ ይለኝ ጀመር፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባል አላጣሁትም፤ ትንሽ ቆይቶ ቢጠራ ብዬ ተመኘሁ እንጂ።

«ፕሮፌሰሮቹ እንዴት ናቸው?» ይለኛል አባቴ ምሳ ላይ።

«ደህና ናቸው» እላለሁ። አሠልጣኜ በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ፣ ማስቲካ እያኘከ የሚያስተምር ጎረምሳ ነበር።

በዚያ ሰሞን አባቴም እሁድ ጠዋት ቤት መዋል ተወ። «የታመመ ሰው ልጠይቅ» ይልና ይወጣል። በዚህኛው እሁድ አንድ በሽተኛ፣ በሚቀጥለው ሌላ። መርካቶ ወረርሽኝ የገባባት መሰለኝ። እናቴ መጀመሪያ እሱን ትሸኛለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እኔን። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

የማሠልጠኛው ክፍሎች በኮምፔንሳቶ የተከፋፈሉ ስለነበሩ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን የጀማሪዎች ክፍል እንደ ሬዲዮ እናዳምጠዋለን። ማብሪያና ማጥፊያውን፣ ፊደል መምታቱን፣ ሁሉን። በተለይ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ነበር፤ ድምፁ አይሰማም፣ የመምህርቷ ስቃይ ግን ይሰማል። «አባባ፣ ማውሱን ቀስ ብለው ነው የሚጫኑት! በር አይደለም እኮ የሚያንኳኩት!» ትላለች። እኛ እንስቃለን። እንዲያውም አንድ ቀን አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ «የማን አባት ይሆኑ ምስኪን? ልጆቻቸው እቤት ቁጭ አድርገው ቢያስተምሯቸው ምን ነበረበት!» ብዬዋለሁ። ይህን ስል እንዴት ያለ ደግ ልጅ እንደሆንኩ እያሰብኩ ነበር።

በግንቦት አንድ እሁድ መብራት ጠፋ። ከሁለቱም ክፍል ተማሪው እየተንጋጋ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ አንድ ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ የደነዘዘ ጣቱን እያሻሸ ቆሟል።

አባቴ ነበር።

ተያየን። ከሁለታችን የበለጠ የደነገጠው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ተከራክረን አልጨረስንም።

«ዩኒቨርሲቲው እዚህ ነው እንዴ?» አለኝ።

«በሽተኛውስ እዚህ ነው የተኛው?» አልኩት፤ አፌ ነው የቀደመኝ።

ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ታች ወረዱ። እኛ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። «ማስተርስ አይደለም አባዬ። ሰርተፊኬቱን ነው የምማረው። ደበቅኩህ» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሽፋኑን በመዳፉ ያለሰልስ ጀመር።

«ያን ዕለት ወተት ብዬ ባሳቅኩብህ ጊዜ ፊትህን አይቼዋለሁ» አለኝ። «ቤት ገብቼ ለእናትህ ብነግራት 'ለመሆኑ ልጅህ ሥራው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?' አለችኝ። ምን እላታለሁ? ስሙን እንጂ አላውቀውም። ይኸን ሁሉ ዘመን ስነግድ የማላውቀውን ዕቃ ዋጋ ጠርቼ አላውቅም፤ በገዛ ልጄ ላይ ግን ጠራሁ። አፈርኩ። እስቲ ተምሬ፣ ገብቶኝ፣ እንደገና ልምከረው ብዬ መጣሁ።»

እንባዬ መጣ። ለመደበቅ ብዬ ቀለድኩ። «ታዲያ አሁን ምን ትመክረኛለህ?»

አባቴ ደብተሩን ገለጠና በቁም ነገር አየው። «ገና ነኝ» አለ። «ፎልደር ላይ ነው የደረስኩት።»

ሳቃችን እስከ ታች ወርዶ ዘበኛው ቀና ብሎ አየን። አብረን ታክሲ ይዘን ቤት ስንገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ሁለታችንን ተራ በተራ ተመለከተችን። «ሦስት ወር!» አለች። «እኔ እኮ በሁለተኛው እሁድ ትገናኛላችሁ ብዬ ነበር።» የሁለታችንንም የምዝገባ ደረሰኝ ልብስ ልታጥብ ኪስ ስትፈትሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ አግኝታ ኖሯል።

ሰኞ ዕለት አባቴ ያደረገውን ግን አልረሳም። ተራው መሀል ቆሞ «ጎበዝ! ልጄ ማስተርስ አልገባም፤ ሰርተፊኬት ነው የሚማረው። እኔም አብሬው ነኝ» አለ። በጉራ የተናገሩትን በዚያው ሰው ፊት ማጠፍ ለመርካቶ ነጋዴ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ደሊል አንሶላቸውን ትተው ጠጋ አሉና «ጀማሪ ይቀበላሉ?» ብለው ጠየቁ።

ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅሁ። በሁለተኛው ሙከራ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ አለፍኩ፤ ሹመቱም ለእኔ ሆነ። ማስተርሱን ከዓመታት በኋላ ጀመርኩት፤ ማንም ሳይመክረኝ፣ ሲያምረኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ልትጠይቁኝ አሰፍስፋችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ እንጃ። ሁለቱም ጠቅመውኛል፣ ሁለቱም አንዳንድ ቀን ምንም አልፈየዱልኝም። ሶኬት ዛሬም የማይሰካ አለ።

የጀማሪዎቹ ምረቃ ግን አያምልጣችሁ። አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው። አስተናባሪው «ተመራቂዎች ወደፊት፣ ቤተሰብ ከኋላ!» ሲል እኔ በእቅፌ አበባ፣ በእጄ ካሜራ ይዤ ከወላጆች መሀል ተቀመጥኩ። አጠገቤ ነጠላ የደረቡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሴት ልጃቸውን በኩራት አሳዩኝና «የአንተስ የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

በጣቴ ወደ ፊተኛው ረድፍ ጠቆምኩ። «ያውና እማማ፣ ጺሙ የሸበተው፣ ጋዋኑ ያጠረው። እሱ ነው የኔ።»

ሴትዮዋ አባቴን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «እሰይ የኔ ልጅ! ለወግ ለማዕረግ አበቃኸው» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት።