ስቴሪዮዬ በማኅበር ፊት

ቤቱ አዲስ ዕቃ የሚያስገባ ባል ዕቃውን ሁለት ጊዜ ይገዛዋል፤ አንዴ ከነጋዴው፣ አንዴ ከሚስቱ። ነጋዴው ይሻላል። ነጋዴው ቢያንስ ዋጋ ይቀንሳል፤ «ይኼ ደግሞ ምን ሊያደርግልን ነው?» ብሎም አይጠይቅም። ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ፤ ያላገባችሁ ደግሞ ቸኩላችሁ አትሳቁ።

እኔ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ እንጀራዬ ወሬ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ዓለቱ፣ ስለ ንጉሡና ስለ መላእክቱ ሳወራ ውዬ ቤቴ ስገባ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፌን ዘግቼ ጥሩ ሙዚቃ መስማት። ጥሩ ስል ከስልክ የሚወጣውን ማለቴ አይደለም። የስልክ ሙዚቃ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ማሲንቆው በየት በኩል እንዳለ፣ ዘፋኙ የት እንደቆመ የማይታወቅበት ሙዚቃ፣ እናንተዬ፣ ምኑ ሙዚቃ ነው? ይህን አቋሜን ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ። የተቃወመኝ የለም፤ የገባውም የለም።

ስለዚህ ስቴሪዮ በራሴ እጅ ለመገጣጠም ቆርጬ ተነሣሁ። አምፕሊፋየሩን ያገኘሁት ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ሆቴል ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ከአዲስ አበባ በአይሱዙ፣ በሽንኩርት ጆንያዎች መሀል ተጭነው መጡ። የመጀመሪያውን ሰሞን ትዝታ ስከፍት ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ስለሚሸት እንባዬ ከዘፈኑ ይሁን ከስፒከሩ መለየት ከባድ ነበር።

ዕቃው ተሟላ፤ ድምፁ ግን አልተሟላም። አንድ ጊዜ ያስጎበኘሁት ፈረንጅ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ሰውዬው ቤተ ጊዮርጊስን አይቶ በጨዋነት ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ስለ ስፒከር አቀማመጥ ሲያወራ ፊቱ በራ። ሁለቱ ስፒከሮችና የሰሚው ወንበር ትክክለኛ ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው አለ። ወንበሩ ከቦታው ትንሽ ከተነቀነቀ ጉዱ ፈላ። እኔም ሜትር ይዤ ስለካ የግራው ስፒከር ቦታ ላይ የባለቤቴ የስንዱ ብፌ ቆሞ ተገኘ። ብፌው ወደ መኝታ ቤት ገባ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ባሱ፣ ሲመታ የጣራው ቆርቆሮ አብሮ ስለሚዘፍን ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ያም አልበቃ ሲል የስንዱ ወላጆች ከኩልመስክ የላኩትን የገብስ ጆንያ ከነእህሉ ጥግ ላይ አቆምኩት። ገብስ ባስ ይውጣል። ይህን ከእኔ በፊት የደረሰበት ሰው ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ከፈትኩት። ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ተሰማኝ። ማሲንቆው ከቀኜ፣ ክራሩ ከግራዬ፣ እሷ ከፊቴ። ደስ አለኝ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አለኝ።

ስንዱ ግን ከጎን ቆማ ስለነበር የሰማችው ክራሩን ብቻ ነው። ሳሎናችን መጋዘን መምሰሉን፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ለአንድ ወንበር መሆኑን በእርጋታ አስረዳችኝ። እርጋታዋ ነው የሚያስፈራው። የጽዋ ማኅበራችን ተራ ደርሶ ስለነበር በሚቀጥለው ወር ማኅበርተኛው በሙሉ እኛ ቤት ነው የሚውለው። ፍርዷን በዚያው ሰጠች።

«እንግዲህ ማኅበሩ ይፍረድ። ከወደዱት አይሸጥም። ካልወደዱት ግን ትሸጠዋለህ፤ ብፌዬም ቦታው ይመለሳል።»

እሺ አልኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ማኅበርተኛን በምን ማስወደድ እንዳለብኝ ብዙ አሰብኩ። በካህናት ፊት ዘፈን አይከፈት ነገር። ግን ለአንድ ክብረ በዓል ይምርሐነ ክርስቶስ ሄጄ ማኅሌቱን በጥሩ መቅረጫ ቀርጬው ነበር፤ ያውም በሁለቱ ረድፍ መካከል ቆሜ። የቀኙ ወገን በቀኝ ጆሮ፣ የግራው በግራ። ፈረንጅ ስቴሪዮ ብሎ የሚያደነቁረንን ነገር የእኛ ሊቃውንት ፊት ለፊት ቆመው ሲሠሩበት ስንት ዘመናቸው ነው!

ቀኑ ደረሰ። ጸሎት ተደረገ፣ ጠላ ተቀዳ፤ ስንዱም ወጡን ልታወጣ ጓዳ ገባች። የማኅበሩን ታላቅና የድጓ መምህሩን መሪጌታ ላቀውን በዚያች በተለካች ወንበር ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

ከበሮው ዱም ሲል፣ ጸናጽሉ ከቀኝ ሲመልስ ማኅበርተኛው የያዘውን ጠላ አስቀመጠ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና መሪው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ማንም ይሁን ማን በደንብ የተማረ ሰው ነው አሉ። እርስዎ ነዎት አልኳቸው። እሳቸውም ማወቃቸውን፣ የጠየቁት እኔን ለመፈተን መሆኑን ገለጹልኝ። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

መሪጌታ ሲነሡ ማን ይቀመጣል? ማኅበርተኛው በሙሉ ብድግ አለ፤ ብድግ ብሎም አልቀረ፣ እንደ ልማዱ ለሁለት ተከፍሎ በየስፒከሩ በኩል ተሰለፈ። ቀኙ ከቀኙ ስፒከር ጋር፣ ግራው ከግራው ጋር መመለስ ጀመረ። መሪጌታም የግራውን ስፒከር ዘገየህ ብለው ተቆጡት። ስንዱ ድስቱን ይዛ ከጓዳ በር ላይ ቀረች። በቤቱ ውስጥ የማይዘምሩት ድስቱ፣ እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

ነገሩ አምሮ ነበር፤ ግን አላልቅ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የተቆመ ማኅሌት እንደሆነ፣ እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደቀረጽኩት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ወጡ ቀዘቀዘ። እንደ ምንም ተጠግቼ ድምፁን ልቀንስ እጄን ስዘረጋ መሪጌታ በመቋሚያቸው ያዙኝ።

«ተው አንተ ልጅ፣ የተጀመረ ምስጋና አይቆረጥም።»

አልተቆረጠም። እህል የቀመስነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። የሚገርመው አንድም ሰው አላማረረም። ፊታቸው ሁሉ በርቶ ነበር፤ በላብ እንኳ ቢሆን። ፍርዱ ለእኔ እንደሆነ ገባኝና ስንዱን በድል አድራጊነት ዓይን አየኋት። ምነው ባላየኋት!

ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ለእትዬ አለምነሽ ተሰጠ። እሳቸውም ተቀብለው ከሳሙት በኋላ ጽዋው ብቻውን መሄዱ እንዳሳዘናቸው ተናገሩ። መሪጌታ ጊዜ አላጠፉም።

«እውነታቸውን ነው። ይኸስ የአንድ ሰው ቤት ዕቃ አይደለም። ማኅበሩ በዋለበት ይዋል።»

እልልታ ሆነ። በጽዋ ፊት ቆሞ «የእኔ ነው» የሚል ሰው እናንተ ዘንድ ካለ አሳዩኝ። ስንዱ ሽቦውን ሳይቀር ጠቅልላ አቀበለች። ከእሷ ጋር የተስማማነው ቢወዱትና ባይወዱት በሚሆነው ላይ ነው እንጂ ከልክ በላይ ቢወዱትስ የሚለውን አልተነጋገርንበትም።

አሁን ስቴሪዮዬ ከጽዋው ጋር ይዞራል፤ እኔም ሜትሬን ይዤ እከተለዋለሁ። እትዬ አለምነሽ ሁለቱን ስፒከሮች አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ዳንቴል አልብሰው ነው ያገኘኋቸው። ብልባላ የሚኖረው አባል ተራ ሲደርስ ደግሞ በአህያ ተጫኑ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ከእኔ ወዲህ ትክክለኛዋን ቦታ ያገኘች አህያዋ ብቻ ናት። እኔ የተጽናናሁት በአንድ ነገር ነው፤ ተራው ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ መምጣቱ አይቀርም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የስቴሪዮው ዝና የደረሳቸው ሁለት ሰዎች ማኅበሩ ውስጥ እንግባ ብለው ጠየቁ። ሁሉም በደስታ ሲቀበል እኔ ብቻ፣ ተራዬ በሁለት ወር ሲርቅ ታየኝና፣ ተነሣሁ። ማኅበር ሲበዛ ፍቅር እንደሚቀዘቅዝ፣ ቁጥር ሳይሆን ጽናት እንደሚበልጥ፣ አባቶቻችንም ጥቂት ሆነው እንደጸኑ ከልቤ ተናገርኩ። በአስጎብኚነት ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ አሳምሬ አልተናገርኩም። መሪጌታ እንባቸውን ጠረጉ። ለማኅበሩ እንዲህ የሚቆረቆር ሰው አይተው እንደማያውቁ ተናግረው በዚያው ማኅበሩን የሚያስተዳድር ሙሴ አድርገው ሾሙኝ።

የሙሴ የመጀመሪያ ሥራው አዲስ ገቢዎችን በደስታ መቀበል ነው። ሁለቱንም አቅፌ ሳምኳቸው። አንደኛው የስንዱ ወንድም ነው።