ክቡርነታቸው መኪና ሥር ናቸው

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ መኪና የሚነዳና መኪና የሚያስተካክል። ሁለተኛው አይነዳም፤ ጊዜ የለውማ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ነገውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባለሁ።

የእኛ ቤቱ የታናሽ እህቴ ባል ናቸው። ክቡርነታቸው የምላቸው ወድጄ አይደለም፤ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በሥራ ቀን የሰው ጥርስ ይነቅላሉ፣ ቅዳሜ ደግሞ የመኪና ጎማ። ባለ ሁለት በር፣ ቀይ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት የስፖርት መኪና አለቻቸው። የቤተሰቡም መኪና እሷው ናት። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ሞላ “ሰነፍ ነው” ተብሎ ተነቀለና በምትኩ ኮይልኦቨር የሚሉት ገባ። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ሆነው፣ ቀለበቱን በቁልፍ ሲያዞሩት መኪናዋ ከፍም ዝቅም ትላለች፤ አናቱ ላይ ያለችውን ጉጥ ሲያዞሯት ደግሞ ትለሰልሳለች ወይም ትደርቃለች። እንግዲህ ለእሳቸው ይህን መስጠት ለሕፃን ክብሪት ማቀበል ነው።

“አንድ ዙር ብቻ ቀረችኝ” ይላሉ። ይህችን አንድ ዙር ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ እየሰማኋት ነው። ዝቅ ሲያደርጓት ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ ይፍቃል። ከፍ ሲያደርጓት “አሁን ደግሞ ፍየል መሰለች” ብለው ያዝናሉ። ግራና ቀኟ እኩል ካልሆነ ምሳ አይበሉም። ይባስ ብሎ ከፍታዋ ሲለካ ሹፌር መቀመጥ አለበት፤ ሹፌሩ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መኪና ሥር ናቸው። በክብደት የምመስላቸው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ሰው ቅዳሜን ወዳጅ ዘመድ ሲጠይቅበት እኔ ወንበር ላይ እጫናለሁ። አንድ ቀን የወደቀ ስልኬን ላነሳ ጎንበስ ብል፣ ከሥር “አንተ ሰውዬ፣ ተው ክብደትህን አታንቀሳቅስ” አሉኝ።

በቀደም ታዲያ እናታችን የወገብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ ስትወጣ መንገድ ላይ እንዳትንገጫገጭ አደራ አለ። ታክሲ እንጥራ ብንል እናቴ ወይ ፍንክች። “አማቼ እያለ በሰው መኪና አልገባም። ልጄ ይምጣልኝ” ብላ ቁርጡን ነገረችን።

እህቴ ባሏን ጓሮ ጠራቻቸው። “እማዬ አንዴ ወይኔ ካለች መኪናዋ ትሸጣለች” አለቻቸው። እየቀለደች አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች።

ክቡርነታቸው ይደነግጣሉ ስል ዓይናቸው በራ። እስከዛሬ ለፍጥነት ሲያስተካክሉ ኖረው አሁን ለአማት ሊያስተካክሉ ነው! አራቱንም ጎማ አውልቀው፣ ቀለበቶቹን ከፍ አድርገው፣ ጉጦቹን እስከ መጨረሻው አለሰለሱ። ደስታቸው ተጋብቶብኝ ነው መሰለኝ፣ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ቁልፍ አቀባይ ሆንኩ። ሲያልቅ ጭኔ ላይ ውሃ የሞላ ሳህን አስይዘው ሰፈሩን አዞሩኝ። ውሃው ሱሪዬ ላይ አለቀ። ጉጡ እንዲያ ለስልሶ መኪናዋ ጣውላ ናት። “ስትሄድ ትላመዳለች” አሉ፣ ፊታቸው ግን ተክዟል።

በማግስቱ የሠርጋቸውን ሱፍ ለብሰው ሆስፒታል ደረሱ። እናቴን ከፊት ወንበሩን አስተኝተው አስቀመጧት፤ እኔ ከኋላ ተጣጥፌ ገባሁ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጓ አልን። እናቴን ባያት የሻሿን ጫፍ ነክሳለች። ድምፅ ግን የለም።

“ተመቸዎት፣ እማማ?”

“እንደ አልጋዬ ነው፣ ልጄ።”

በሁለተኛው ጉድጓድ የበሩን እጀታ ጨመደደችው። እሳቸውም እጇን አዩ። ጥቂት እንደ ነዱ መንገድ ዳር ያለውን የውሃ መውረጃ ቦይ በጎማዎቹ መሃል አድርገው አቆሙና ግንባራቸውን መቱ።

“ቡሎኖቹ” አሉ። “መኪናዋ ክሪክ ላይ ሆና፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ ነው ያጠበቅኋቸው። ስትወርድ ቡሎኖቹ የያዟቸው የመጋጠሚያ ላስቲኮች ሁሉ ተጠማዝዘው ቀሩ። በየት በኩል ትለስልስ?”

“እና ምን ይሁን?”

“ፈትቶ፣ በእግሯ እንደቆመች፣ ሰው ተሳፍሮባት ማጥበቅ ነበር። ተሳስቻለሁ።”

ከእሳቸው አፍ ይህችን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ወደ እናቴ ዞሩ። “እማማ፣ እርስዎ ብቻ እንዳይንቀሳቀሱብኝ።” እኔን ወደ ሹፌሩ ወንበር አዛወሩኝ፤ የለመድኩት ሥራ ነው። ከዚያ ቁልፋቸውን ከኋላ አውጥተው፣ በዚያ በሠርግ ሱፍ፣ ጭቃው ቦይ ውስጥ ገብተው በመኪናዋ ሥር ተንፏቀቁ።

ከኋላችን ጡሩንባው ቀለጠ። አንዱ መንገደኛ አንገቱን በመስኮት አስግጎ “ተበላሸ እንዴ?” ቢል፣ እናቴ “አልተበላሸም፣ እየተሠራ ነው። ይልቅ መብራት ካለህ አብራለት” አለችው። ሰውዬው ስልኩን አብርቶ ተንበረከከ። ከሥራችን ቡሎን ሲላላ እንደ ጥርስ መነቀል ቋ ይላል፤ በየቋው መኪናዋ ትንሽ ትንሽ ስትረግብ መቀመጫዬ ላይ ይሰማኛል። እውነቱን ልናገር፣ ከኳስ ፍጻሜ ጨዋታ ይልቅ ልቤን የሰቀለው ያ ቦይ ነው።

ሁሉንም መልሰው አጥብቀው፣ እስከ ጆሯቸው ጭቃ ሆነው ወጡና ወንበሩን ከእኔ ተረክበው፣ ጋዜጣ አንጥፈውበት ነዱ። ትልቁ ጉድጓድ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ተነሳች፣ አለቀ።

እናቴ ሻሿን ከጥርሷ አወጣች።

“ቅድም ዋሽቼሃለሁ። ወገቤን ሊቆርጠኝ ነበር” አለቻቸው።

“አውቃለሁ፣ እማማ።”

“አሁን ግን እውነት ተመችቶኛል።”

እሳቸው አፍንጫቸውን በጭቃ እጃቸው ጠረጉና ፊታቸውን የባሰ አበላሹት።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችን። መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥላ ሱፉን አየች። “ወይኔ ብላለች አላለችም?” ስትል ጠየቀችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ “መኪናዋ የምትሸጥ ከሆነ እኔንም አብራችሁ ሽጡኝ። አሁን ልጄ በርዶታል፣ ገላውን የሚታጠብበት ውሃ አሙቁለት” አለች።

ውሃውን ያሞቅሁት እኔ ነኝ።