የጭጋጉ ግምገማ

ሥዕል ከምን ከምን እንደሚሠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከሸራ፣ ከቀለምና ከብሩሽ የሚል ሰው ኮሚቴ ገብቶ አያውቅም። እኔ ገብቻለሁ። ያውም በቀለም ባለሙያነት፤ ከመሥሪያ ቤታችን ሰው በዚያ ዓመት የቤቱን አጥር ቀለም ያስቀባ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰውም ዕቅድም የሚገመገምበት ዘመን ነበርና አንድ ቀን ጭጋግ ልንገመግም ተሰበሰብን። ሠዓሊዋ ምሕረት ክረምቱን ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ዳር ቆማ ያየችውን ለአዳራሻችን ሥላ አምጥታለች። ቀለሙን በተልባ ዘይት እያቀጠነች፣ አንዱ ስስ ሽፋን ሲደርቅ ሌላውን እየደረበች ነው የሠራችው። ውሃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም፤ ትንሽ ቆም ብላችሁ ካያችሁት ጉልበታችሁ ድረስ ይቀዘቅዛችኋል፣ ዓይናችሁም ይከብዳል። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩና «ተልባ ነው» አልኩ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ።

ሰብሳቢያችን አቶ ማቴዎስ ግን አልፈዘዙም። «ልማቱ የታለ?»

«ጭጋጉ ውስጥ ነው» አለች ምሕረት።

«እንግዲያው ይውጣ። ካልወጣ አይሰቀልም።»

አቅጣጫ ተቀመጠ። አንዱ ኮንዶሚኒየም አለ፣ ሌላው ኮብልስቶን፤ ሦስተኛው ባጃጅ ስለነበረው ባጃጅ ጠየቀ። ምሕረት ሁሉንም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ማለዳ ልንነጥቃት ነው።

ጭማሪውን ስትሥል አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ባለሙያ ነኛ። ተልባውን ትታ የውሃ ቀለም በጥብጣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አደረገችበት።

«ሳሙናው ምን ያደርጋል?»

«ውሃ ዘይት ላይ አልይዝ ይላል ጋሼ። ሳሙናው ያባብለዋል።»

«ይቆያል?»

«ውሃ ካልነካው» አለችና ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። «እርስዎ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

ባለሙያ አይዋሽም። «ከሥር ያለው ቀለም እጅግ ዘላቂ ነው» ብዬ ፈረምኩ። እሷም አዳራሹ አቧራ ስለሚበዛበት ሥዕሉ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ በአክብሮት አሳሰበች። ንጽሕናን ማን ይቃወማል? በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሥዕሉ ተሰቅሎ መጠረግ ሲጀምር መጀመሪያ ባጃጁ ሄደ። ከዚያ መንገዱ ሳሳ። ኮንዶሚኒየሙ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ቀስ እያለ፣ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ ወደ ጭጋጉ ገባ። ሁላችንም አየን፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። «የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ፈልግ መባሉ አይቀርማ።

አንድ ቀን ከሩቅ የመጡ አዛውንት እንግዳ ሥዕሉ ፊት ቆመው ቀሩ። «ምንድን ነው የሚታየው?»

አቶ ማቴዎስ ሸራውን ከዳር ዳር አዩት።

«ሁሉም ነገር አለ» አሉ። «ጭጋጉ ሲነሣ ይታያል።»

እንግዳው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው አቶ ማቴዎስም ሌላ ሳቡ።