ማስተዋወቅ የማያስፈልጋቸውን እንግዶች የሚያስተዋውቁት ሰውዬ

ሕዝብ ለእውቀት ብሎ ወንበር በደረደረበት ቦታ ሁሉ ከምሁሩ በፊት የሚነሳ አንድ ሰው አለ። አስተዋዋቂ ይባላል። ሥራው የእንግዳውን ስምና ሙያ ተናግሮ መቀመጥ ነው። ሲቀመጥ ያየው ሰው ግን የለም።

የእኛ ከተማ የፓሶ ኦንዶ አስተዋዋቂ ክቡር ዶን ዋልዴማር ኦላስኮአጋ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ማታ በከተማችን ክበብ አዳራሽ ከዋና ከተማው ከሞንቴቪዴዮ የሚመጡ ሰዎች ስለ ሥዕል፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ፍልስፍና፣ አንድ ጊዜማ ስለ ንብ ጠባይ ያስተምሩናል። መግቢያው በነጻ ነው፤ የሚከብደው መውጫው ነው። ዶን ዋልዴማር ማይክሮፎኑን በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጉና፣ "የዛሬውን እንግዳ ማስተዋወቅ አያስፈልግም" ይላሉ። ይህን ጊዜ ሴቶቹ የጀመሩትን ሹራብ ከቦርሳቸው ያወጣሉ። "ባጭሩ ለመናገር" ሲሉ ደግሞ ወንዶቹ ማቴ ለምንለው የቅጠል ሻይ የሚሆን ውሃ ሊያፈሉ ይነሳሉ።

እያጋነንኩ አይደለም። ስለ ጥንት ግሪኮች ቴአትር ሊያስተምር የመጣውን ወጣት ሲያስተዋውቁ ከእናቱ የትውልድ መንደር ተነሱ። የመንደሩን የውሃ ታንከር፣ ታንከሩን የሠራውን ጣሊያናዊ፣ የጣሊያናዊውን ሁለተኛ ሚስት ሁሉ አዳረሱ። ግሪክ ሲደርሱ ልጁ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ቦርሳውን አንግቶ ቆሟል።

"ኧረ ዶን ዋልዴማር፣ እንግዳው ይናገር እንጂ!" አሉ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ዶኛ ኔሊዳ።

"ይናገራል ዶኛ ኔሊዳ፤ ብቻ እርስዎ አያቋርጡኝ።"

ሰውዬው የባቡር ጣቢያችን ኃላፊ ነበሩ። ያኔ ባቡር በዘገየ ቁጥር መንገደኛው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ፣ ከወዲህ ወዲያ እየተንጎራደዱ ባቡሩ አሁን የት እንደደረሰ ያወሩለት ነበር። የሚያዩት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ከራሳቸው እያመጡ ነው። የመንገደኛ ባቡር ከቀረ ዘመን አልፏል፣ በጣቢያው ውስጥም ርግብ ይራባል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት ሰው የለም። ያቺ ማይክሮፎን ባትኖር ድምፃቸውን የሚሰማ አይገኝም ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብናውቅም ይሰለቸናል።

ባለፈው ክረምት አንድ የፍልስፍና መምህር፣ "እዚህ ድረስ የመጣሁት የገዛ ታሪኬን ለመስማት ነው እንዴ?" ብለው ተቆጥተው ሄዱ። የክበባችን ሊቀ መንበር ዊልሰን ኮሚቴውን ሰበሰበ። ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ ማይክሮፎኑን የዊልሰን እህት ልጅ ትይዛለች፤ ስም፣ ሙያ፣ አለቀ። "ታዲያ ማን ይንገራቸው?" ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"የክበቡ ጸሐፊ አንተ አይደለህ?" አለኝ ዊልሰን።

ደግ፣ ልንገራቸው ብዬ ዓርብ ዕለት በጊዜ ደረስኩ። ዝናቡን ያወርደዋል። እኛ አገር ዝናብ ሲጥል በሞራ ቂጣ መጥበስ ግዴታ ነው። ዶኛ ኔሊዳ በትሪ ሙሉ ይዘው በመምጣታቸው አዳራሹ ጢም ብሏል። የጎደሉት እንግዳዋ ብቻ ናቸው፤ ፕሮፌሰር ኦንዲና ባራቴጊ፣ ስለ ሰማይ አሳሳል ሊያስተምሩን። ከዚያ ስልክ ተደወለ። ወንዙ ሞልቶ ከከተማው ጫፍ ያለውን ድልድይ ውጦታል፣ አውቶቡሱም ከማዶ ቆሟል።

"በቃ፣ ሕዝቡን እንበትን" አለ ዊልሰን። መልስ ሳልሰጠው ቋ ቋ ተሰማ።

"የዛሬዋን እንግዳ ማስተዋወቅ አያስፈልግም" አሉ ዶን ዋልዴማር።

ሹራቦቹ ወጡ። እሳቸው ግን በፕሮፌሰሯ እናት መንደር አልጀመሩም።

"አውቶቡሱ አሁን ከወንዙ ማዶ ቆሟል። ሹፌራችንን ታውቁታላችሁ፣ ማቴውን ሳይጨርስ ከወንበሩ የሚነቃነቅ ሰው አይደለም። ይጠጣ፣ አንቸኩለውም። ፕሮፌሰሯ በመስኮት ሰማዩን እያዩ ነው። በደቡብ በኩል እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ጠቁሯል፤ ከታች ግን ቀጭን ቢጫ መስመር አለች። ያቺ መስመር ካለች ዝናቡ አይቆይም። ያን ሁሉ ዓመት ጣቢያ ቆሜ ሐዲድ ሳይ የኖርኩ ይመስላችኋል? ሐዲድ ምኑ ይታያል! ሰማይ ነው ሳይ የኖርኩት።"

ከወንበሩ የተነሳ ሰው የለም። ዞር ብዬ ሳይ ሹራቡ ሁሉ ጭን ላይ ቀርቷል፤ ውሃ ላፍላ የሚልም ጠፍቷል።

"ይኸው ውሃው ጎደል አለ። ፕሮፌሰሯ ወረዱ። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ቀስ ይበሉ እሜቴ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል!"

"ወይኔ!" አሉ ዶኛ ኔሊዳ፤ ቂጣው ከእጃቸው ወደቀ።

ዶን ዋልዴማር ሴትዮዋን ድልድዩን አሻግረው፣ በመቃብሩ አጥር በኩል አምጥተው፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲያደርሷቸው በሩ ተከፈተ። አንዲት ሴትዮ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

ዶን ዋልዴማር የጀመሩትን ነገር ከመሃሉ ተዉት። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

"ደረሱ" አሉና ተቀመጡ። በዓይናችን አየን፣ ተቀመጡ።

"እንኳን ደህና መጡ" አሉ ዶኛ ኔሊዳ፣ "ትምህርቱ ትንሽ ይቆየንና፣ ሹፌሩ ማቴውን ጨረሰ?"

"ጨርሷል" አሉ ፕሮፌሰሯ ግራ ገብቷቸው፣ "ግን ማን ነገራችሁ?" አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን ማታ ስለ ሰማይ እስኪበቃን ተማርን።

ስንወጣ ዊልሰን ክንዴን ያዘኝ። "ነገርካቸው?"

"ምኑን?" አልኩት። ትንሽ አየኝና ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ።

ባለፈው ዓርብ የመጣው እንግዳ ቀልጣፋ ሰው ነው። ቀድሞ ደርሶ፣ ወረቀቱን አሰናድቶ፣ አጠገቤ ተቀምጧል። ዶን ዋልዴማር "ባጭሩ ለመናገር" ሲሉ ሰዓቱን አየ፤ ወደ አያቱ መንደር ሲዞሩ እንደገና አየ። በመጨረሻ አላስችል ሲለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ይቅርታ፣ እኝህ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?"

"ሁልጊዜ" አልኩት። "ዝም ብለው ያዳምጡ። እርስዎ ገና አልደረሱም።"